ኖራ

ከቶርንሜር መንደር፣ ከገብስ ማሳው ዳር፣
ባልጩት ለብሳ ቆማ ከባሕር ነፋስ ጋር ስትማከር
ስምንት መቶ ክረምት ዘነበ በላይዋ፤
ዘመመ ግድግዳዋ፣ ጎበጠ ጣሪያዋ።

ድንጋይዋ ከተራራ አልመጣም ተጠርቦ፤
ተራራ የለም እዚያ። ገበሬው ነው ያመጣው ከእርሻው ላይ ሰብስቦ፣
ማረሻ የነከሰውን፣ ድግር የሰበረውን
በቅርጫት ተሸክሞ፣ እየረገመ ቀኑን።
ለማዕዘን የሚሆን ጥርብ ስለሌለ
ግንቡን ክብ አደረጉት፤ "ይበቃል" ተባለ።
ከሩቅ ያየ እንግዳ ጎተራ ይለዋል፤
ደወሉ ሲደወል ግን አፉን ይይዛል።

በደቡብ በኩል ያሉት ቅስቶች ክብ ናቸው፣
ባሕር ተሻግረው የመጡ ጌቶች ያሠሯቸው።
የሰሜኖቹ ሾጣጣ፣ እንደ ተጋጠመ መዳፍ፤
ወግም ይለወጣል፣ ዘመን ሲያልፍ፣ ጌታም ሲያልፍ።
አራተኛው ዓምድ ራስ ላይ ሐረግ ተጠምጥሟል፣
በቅጠሎቹ መሐል ቀንድ አውጣ ተኝቷል፤
አምስተኛው ግን መላጣ፤
ጭረት ሦስት ብቻ፣ ቅጠሉ ሳይወጣ።
ዊማርክ ጠራቢው ሰኞ ማለዳ ጀመረው፤
ሐሙስ ብብቱን ሲያክ እብጠቱ ነገረው።
እሑድ ቀባሪ ታጣ፤ መሮውን የሚያነሳም።
"ልጨርስለት" ያለ እስከ ዛሬ የለም።

ከመቅሠፍቱ የተረፉት ልጅ ወልደው፣ በግ አርብተው፣
ሱፍ ሸጠው ሠዓሊ አስመጡ፣ ጋልፍሪድ የሚባል ሰው።
"የፍርዱን ቀን ሣልልን ከቅስቱ በላይ፣
ቀና ያለ ሁሉ መጨረሻውን እንዲያይ።"
ሣለ። ጻድቃን በቀኝ፣ ኩነኔ በግራ፣
ከመሐል መልአኩ፣ በሚዛን ሊያጣራ፤
አንድ ጋኔን ደግሞ፣ ጥርሱ እስከ ጆሮው፣
ሴት አዝሎ ይሮጣል፤ ማድጋዋን እንዳቀፈች ነው።
አቪስ ነበረች፣ የመንደሩ ጠማቂ።
ገሚሱ ይላል፦ "እሷማ ስፍር ሰራቂ።"
ገሚሱ ግን፦ "ሠዓሊው ነው፤ ዱቤ ብትከለክለው
እሷን ገሃነም ሰዶ ዕዳውን ሰረዘው።"
እሷም በየእሑዱ መጣች። ከራሷ ሥር ቆመች፤
ትክ ብላ አይታ፣ "አፍንጫዬን አበላሸው" አለች።

ከስንት ትውልድ ኋላ ከንጉሥ አዋጅ ወጣ፦
ሥዕል ሁሉ ይጥፋ፣ ግድግዳው ይንጣ።
መዝገቡን አየሁት፤ ቀለሙ ደብዝዟል፦
"ለኖራ፣ ስምንት ፔኒ።
ለኢንግራም፣ ለሁለት ቀን ሥራ፣ አራት።
መሰላል ላዋሰን፣ ምንም።"
እጅ የደረሰበት፣ ታች ያሉት ቅዱሳን፣
በመዶሻ ተፋቁ፣ ከነዓይን ከነብርሃን።
የላዩ ግን ሩቅ ነው፣ መሰላሉም አጭር፤
ብሩሽ ብቻ ደረሰ፣ በረጅም በትር።

ባለፈው የካቲት ዝናብ ጣሪያውን ነደለው፤
የልስን ገበታ ከወንበሩ ጣለው።
ቴርዛ ፔቨሬል፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ቁልፍ ነው፣ መጥረጊያ ነው፣ አበባ ነው ርስቷ፣
ቀና ብትል እጅ አየች።
እጁ ማድጋ ይዟል።

ባለሙያ መጣ ከከተማ፣ በጥጥና በቢላ
ሰባት ሳምንት ፈለፈለ፣ ምሳውን እዚያው እየበላ።
ጻድቃኑ የሉም፤ ቀኙን እርጥበት በልቶታል፤
መልአኩም ሚዛኑ ጠፍቶ አንድ ክንፍ ቀርቶታል።
እሷ ግን፣ በኖራ ሥር ኖራ፣ ጉንጯ እንደ ቀላ፣
ወጣች ከነማድጋዋ፣ ማንንም ሳትጠላ።
ሊያጠፋት የመጣው ኖራ ነው ያኖራት፤
የዳነችው እሷ ነች፣ ሠዓሊው የኮነናት።

ለጣሪያው መዋጮ ከሥሯ ማሰሮ ተቀምጧል፤
መንደሩ ፈገግ ይላል፣ ሳንቲሙን ይጥላል።
ቴርዛ ማታ ማታ ገንዘቡን ትቆጥራለች፣
ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብላ፣ ላይኛዋ እንድትሰማት፣
ስፍሩ እንዳልጎደለ።
ትናንት መብራት አጥፍታ፣ በሩ ላይ ዘወር ብላ፣
"አፍንጫሽስ ደህና ነው" አለች።
ቁልፉን አዞረች።