ሰው እስኪወጣ

ሐምሌ ነው፤ ፒያሳ ጭቃዋን አቡክታ፣
የአዳራሹ ጣራ ሲያፈስ ጠብ ጠብታ፣
እኔ መብራት ሠሪው፣ ከላይ ከሰገነት፣
የሞተ አምፑል ይዤ፣ በግማሽ እንቅልፍ፣ በግማሽ ንቃት፣
አንድ ደብተር አገኘሁ ከፊውዝ ሳጥን ኋላ፤
ጠርዙን አይጥ የበላው፣ መሃሉ ያልተበላ።

የጋሽ ገብረየስ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም የእሱ የእጅ ጽሑፍ፣
ቀዩ እርሳስ የሌላ፤ የዚያ ባለ መነጽር፣ የዚያ የማይስቅ ሰው፣ ያረፈበት ጫፍ።

አውቀዋለሁ ሰውየውን። አንድ ኮት ነበረው ለክረምት ለበጋ፤
ቤቱ እሪ በከንቱ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፤
ጎርፉ ማታ ማታ ከደጁ ሲጠጋ፣
ጫማውን ከአልጋው ራስ ሰቅሎ፣
ይጽፍ ነበር ቁጭ ብሎ፣ ሻማውን ከነፋስ በመዳፉ ከልሎ።

"ይህን ሰፈር ማነው እንዲህ የሰየመው?" ብዬ ብጠይቀው፣
"'እሪ' ያለው አንድ የጨነቀው ሰው ነው፤
'በከንቱ' የሚለውን የጨመረበት በሩን የዘጋው ጎረቤቱ ነው።
እኔ ግን ሰማሁት፤
እንግዲህ ሁለተኛውን ቃል ሰረዝሁት።"

ተውኔቶቹ ጨለማ ናቸው፤ አልዋሽም።
በአንደኛው ገቢር ቤት ይቃጠላል፤
በሁለተኛው ልጅ ይሰደዳል፤
በሦስተኛው ዳኛው ጉቦውን ቆጥሮ ያዛጋል።
የተፈረደበት ግን ከገመዱ ፊት ቆሞ፣
"ቁልፌ ተበጥሷል፤ መርፌ ያለው አለ?" ይላል።
ሰው ይስቃል።
ከሳቁ መካከል፣ ከዘበኞቹ ኋላ፣ ስም ያልተሰጣት ሴት
ከነጠላዋ ጥለት ክር ትመዝዛለች።
ሌላ ነገር የለም። ትሰፋለች።
እየሰፋች ሳለች ያልቃል።

አንድ ክረምት ሰባት ተመልካች ገባ፤
አንዱ ተኝቷል፤ አንዱ ከዝናብ ተጠልሎ ነው፤
አንዱ የእኔው አጎት፣ ትኬቱን የገዛሁለት።
ተዋንያኑ "አንጫወትም" አሉ፣ አኮረፉ ከመጋረጃው ጀርባ።
ጋሽ ገብረየስ በቀዳዳ አየ፤ በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።
"ሰባት!" አለ፣ ሎተሪ እንደወጣለት፤
"ትናንት አምስት ነበሩ እኮ!
በዚህ አያያዝ ለመስቀል ወንበር ያንሰናል።"

ባለ ቀይ እርሳሱ የመጨረሻውን ገጽ ሦስት ጊዜ ቀደደው፤
ሦስት ጊዜ ጻፈው።
በአራተኛው ከግርጌ "በጥሞና ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ" ብሎ አከለበት፤
ሰባት ወር ታሰረበት።
በተፈታ ዕለት፣ ጢሙ እስከ ደረቱ፣ ቸርችልን ሽቅብ በእግሩ ወጥቶ
እዚሁ መጣ፤ ወንበር ስቤለት እንኳ አልተቀመጠ።
"ወርዶፋ፣ ያ ክፍል" አለኝ፣ "ድምፅ እንዴት እንደሚመልስ!
አንድ ቀን እዚያ ተውኔት እናሳያለን።"
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ልኬቱን በእርምጃ ወስዶት ነበር።

ከየተውኔቱ መጨረሻ፣ "መጋረጃ" ከሚለው ቃል በታች፣
አንድ መስመር አለ፣ ቀዩ እርሳስ ያልነካት፤
"መብራቱ አይጥፋ፣ ሰው እስኪወጣ።"
ሊቃውንቱ ኋላ ጥናት አቀረቡ፤
"የተስፋ ተምሳሌት" አሉ፣ አጨበጨቡ።
እኔ ግን ገና ድሮ ጠይቄው ነበረ።
"ሦስተኛው ደረጃ ተሰብሯል" አለኝ፤ "አሮጊት ትወድቃለች።"

ይኸው ነው። ለዓመታት አላመጥሁት፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ አላገኘሁም።

ዛሬ ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ሰማዩ ሰፍቷል፤
የማውቃቸው በሮች የት እንደሄዱ አልጠይቅም፤ ጠይቄ አልቅሻለሁ።
ልጆች ግን ያንኑ ተውኔት ይዘው መጥተዋል፤
ከሰገነት ቆጠርሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው!
(ጋሽ ገብረየስ ቢሰማ ወንበር ሊከራይ ይሮጣል።)

ሴትየዋ ሰፋች። መጋረጃው ወረደ።
ደረጃው ካቻምና በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ የሚሰናከል የለም፤
እጄ ግን ከማጥፊያው ላይ አልተነሣም፣ አልተጫነምም።
አሥራ ስምንቱ ወጡ።
አሥራ ዘጠነኛው ከበር ተመለሰ፤
ጃንጥላውን ረስቶ።