ግራኝ ነው የሠራው

ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ካፖርት ደርቤ ነበር፤
ደብረ ሲና ላይ ቁልፉን ፈታሁ፤
ሸዋ ሮቢት ተሸከምሁት እንደ ዕዳ፣ እንደ ብድር፤
ከዚያ ወዲያ በእግር፣
ግራር ለግራር።

የባህል ቢሮው ጌታሰው ሜትርና መዝገብ ይዟል፤
እኔ ግንበኛው ለግምት ነኝ፦ ስንቱ ቆሟል፣ ስንቱ ወድቋል፣
ለጥገናስ ስንት ኩንታል ኖራ ይበቃል?

ኑርዬ ማሽላውን የዘራው ከጥንቱ ከተማ መሐል ነው፤
የወፍ መጠበቂያ ማማውም ከፈረሰው ግንብ ላይ ነው።
«ማን ሠራው?» አልነው።
«የድሮ ሰዎች። ቁመታቸው ግራር ያህላል ይባላል።»
በሩን በክንዴ ለካሁት፤ ቢበዛ ሦስት ክንድ ይሆናል።
ግራር የሚያህል ሰው በዚህ በር?
ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ምን ይባላል።

ሚሕራቡ ቆሟል፤ ጣሪያው ሰማይ፣ ወለሉ የፍየል በጠጥ፤
ሽብልቅ ጠጠሩ ግን ዛሬም ጥርሱን ነክሶ ይዟል ሳይናጥ።
ከዚያ ከምሥራቁ ማዕዘን ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣
አንድ ረድፍ አየሁ፣ ሁለት ጣት ያህል ከመስመሩ ኮብልሎ።
ስህተት ነው። ከላዩ ያለው ረድፍ ጥቂት መልሶታል፣
ከዚያ በላይ ያለው ጥቂት፤ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቀንቷል።
ማንም እንዳያይ።
(እኔም እንዲህ ነው የማደርገው፣ ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ።)
የመሮው ጠባሳ ደግሞ ሁሉም ወደ ማዶ አዘንብሏል፤
ቀኝ እጅ እንዲህ አይጠርብም።

«ግራኝ ነው!» አልሁ ጮኬ።
ጌታሰው ቀና ሳይል፦ «አዎ፣ ግራኝ ነው ያፈረሰው፤
እኛም አገር ፍርስራሽ ሁሉ በሱ ነው የሚከሰሰው።»
«የለም! ግራኝ ነው የሠራው፤
ይኸን ጥግ። ይኸው የእጁ ፊርማው።»

ኑርዬ ሳቀ። ጌታሰው እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ።
እኔን ሻውል፣ አለቃዬ፣ በቱንቢ ገመድ ይገርፈኝ ነበረ፣
«በቀኝህ! በቀኝህ!» እያለ።
ጠባሴ ግን አንድ ቤት አለ፣ እሱ ምሳ ሲሄድ በግራዬ ያቆምሁት፤
ባለፍሁ ቁጥር ጥጉን አያለሁ፣ እስከዛሬ ለሰው ያልነገርሁት።

የዚህስ አለቃ ማን ነበር? ገረፈው? ወይስ ዝም ብሎ
ከላይ ከላይ አቃናለት፣ ጥፋቱን በድንጋይ ጠቅልሎ?

መዝገቡን ተቀብዬ ጻፍሁ፦ «የምሥራቁ ማዕዘን አይነካ።
ያለ ኖራ ኖሯል።»
ሌላውን ጌታሰው ይለካ።

ማታ ደብረ ሲና ላይ በረደኝ።
ካፖርቴን ለበስሁ፤
መጀመሪያ ግራ እጄን።