አርባ አንደኛው ድንጋይ

የነሐሴው ጎርፍ፣ ማን ደፍሮ ሊጠይቀው፣
ብቸና ፍርድ ቤት ገባ ቀጠሮ ሳይኖረው፤
ሌሊቱን ተሟግቶ፣ ግንቡን ረትቶ ሄደ፤
ድንጋዩም በየሰው ጓሮ ተሰደደ።

በዓመቱ ግንበኛው አንማው
ከደበዘዘ ፎቶ የበሩን ቅስት ቆጠረ፤
በከሰል ቁጥር ጻፈ፣
አርባ ላይ ቀረ።
«በሲሚንቶ እንሙላው» ቢል መሐንዲሱ፣
«ቆይ» አለ አንማው፣ «ይመጣል ራሱ።»

ቅዳሜ የኔዓለም
ድንጋይ አዝላ መጣች፣ አቀርቅራ ቆመች።
«ልብስ ማጠቢያ ብዬ…
ጎርፍ የሰጠኝ ነገር ዛሬ ያስከስሰኛል፤
ፍርድ ቤት ሰርቄ ማን ይፈርድልኛል?»

አንማው ዳሰሰው፤
አንድ ጎኑ ልሟል፣ ሳሙና ይሸታል፤
ወደ ውስጥ ቢያዞረው ማን ያውቅበታል?
ኖራውን ለቅልቆ፣
የታጠበውን ፊት ወደ መንገድ አዙሮ፣
ወረደ ከመሰላል።