አልጋ በአልጋ

«አልጋ በአልጋ» ይላል፣ ነገር የቀለለው፤
ሃያ ስድስት አልጋ፣ እስኪ አንጥፎ ይየው።

ሰኔ ነው ጅማ ላይ፤ አንሶላው አልደረቀም፣
ሲስተር ከድጃ ግን ምክንያት አታውቅም።
ያነጠፍኩትን በመዳፏ ዳበሰች፤
አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ አነሣች።
«ለቆመ ፍርፋሪ፣ ለተኛ ድንጋይ ነው፤
ሽብሽቡም ቁስል ነው፣ ቀን የሚጠብቀው»
አለችኝ። ፈታችው።
እንደገና አነጠፍኩ።

አስራ አንድ ቁጥር ላይ አባ ሞጋ አሉ፣
የሂርማታው አናጺ፤ ወገባቸው አይታዘዝም።
«ብረቱን ይያዙ» ብዬ ወደ መስኮቱ አዞርኳቸው፤
አሮጌውን አንሶላ ጠቀለልኩ እስከ ጀርባቸው፣
አዲሱን በግማሽ ዘርግቼ፣ ላስቲኩን ወጥሬ፣
በጉብታው ላይ መልሼ አገላበጥኳቸው፣ ዞሬ።
ጥጉን እንደ ፖስታ አጠፍኩት።

በጣታቸው ዳሰሱት።
«አርባ ዓመት አልጋ ሠራሁ» አሉ፣ «በዋንዛ፣ በጥድ፤
ማዕዘኑ ካልገጠመ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል።
ያንቺ ዝም ይላል።»

ሐሙስ ስገባ
ፍራሹ ራቁቱን ነበር።
ማንንም አልጠየቅኩም።
በበረኪና አበስኩት፣ መስኮቱን ከፈትኩ፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
እርጥበት ያልለቀቀውን አንሶላ ዘረጋሁ፣
በመዳፌ ዳበስኩ፣ ፍርፋሪ ፈለግኩ፤
ያንን ጥግ ፈትቼ ሁለቴ አጠፍኩት፤
መጀመሪያውም ልክ ነበር።