እንየው

ሥራዬ ማጠር ነው፤ ሽምብጥ ላይ ካለ ፎቅ፣
ከጧት እስከ ማታ፣ ኮምፒውተር ነገር እንዲያውቅ፣
ድሮን ያነሣውን የጣናን መልክ በሣጥን ማስጨነቅ።
«ይኸ እንቦጭ ነው» እላለሁ፤ በአራት መስመር አጥራለሁ፤
«ይኸ ታንኳ፣ ይኸ ጉማሬ፣ ይኸ ጥላ»፤ ስም እሰጣለሁ።
ዐሥር ሺህ ጊዜ እንቦጭ ብዬ
ማታ ዓይኔን ስከድን፣ ትራሴ ላይ እንቦጭ አያለሁ።

ማሽኑ ደግ ተማሪ ነው፤ አያዛጋም፣ አይቀር ከትምህርቱ፤
አፉን ሞልቶ ግን አይናገር፤ በመቶኛ ነው እውነቱ፤
«ታንኳ፣ ዘጠና ሁለት»፤ «ወፍ፣ አርባ»፤
እንደ ፈራ ምስክር፣ ዳኛ ሲያፈጥበት በችሎቱ።

አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ጉም ሐይቁን ባለበሰው፣
ደብረ ማርያም ፊት ለፊት፣ ታንኳ ላይ የቆመን ሰው
«ጉማሬ፣ ሥልሣ አንድ» ብሎ ማሽኔ ከሰሰው።

ሣቅሁ፤ ሰውዬውን ስለማውቀው፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሮሶ የምገዛው ከሱ ነው።
እንየው ይባላል።
ከሱ በፊት ሦስቱን አፈር ቢቀማት፣
«ይኸን እንኳ እንየው» ብላ ነው ያወጣችለት እናት።

ወርጄ ጠየቅሁት፣ መረቡን ሲጠግን፣
ግራው ሞራ ሸፍኖት፣ በቀረው አንድ ዓይን
በጉም ውስጥ እንዴት እንደሚለይ መንገዱን።
«እኔ መቼ አየዋለሁ? እጠብቀዋለሁ እንጂ!
አለቱ እዚህ፣ ደንገሉ እዚያ፣ ብዬ በልቤ እዘረጋዋለሁ እንጂ!
ካሰብሁበት ያጣሁት ጊዜ፣
ያኔ ነው ዓይኔን የምገልጥ፣ የኔ ልጅ።»

ማታ መጽሐፍ ገለጥሁ። እንየው አልተሳሳተም፦
የማየት ደጃፍ ላይ፣ ከዓይን ከሚደርሰው ወሬ ይልቅ
ከአንጎል የሚወርደው ይበዛል፤ ዓይን ብቻውን አያይም።
በየዓይናችን ጀርባም ብርሃን የማይዝ ሽንቁር አለ፤
ዕድሜ ልኩን ማን አየው? ማን «ተቀደደብኝ» አለ?
አንጎል ከዙሪያው ቀለም እየቆረጠ ይጥፈዋል፣ ዝም ብሎ፤
እኛም በጣፈው እንምላለን፣
«በዓይኔ በብረቱ» ተብሎ።

ግልገል ዓባይ ትዝ አለኝ።
ከሰከላ ወርዶ፣ ጭቃውን አዝሎ ይገባል፤
ጣና ግን ቀድሞት ሞልቶ ይጠብቀዋል።
ብርሃንም እንዲያ ነው፤ በዓይን በኩል ቀጥኖ ይፈሳል፤
ውስጥ የተኛው ሐይቅ ነው ማየት የሚባል።

ማሽኔ ሐይቅ የለውም። ወይም አለው፣ እኔ በጣሳ የሞላሁለት፣
ጠርዝና ቀለም፣ ቀለምና ጠርዝ፣ ቁጥር የተዘፈዘፈበት።
ታንኳ ቢያይ ደንገሉ አይሸተው፤
ጉማሬ ቢያይ ጉልበቱ አይከዳበት።

«ሰው በለጠ» ብዬ ግጥሙን ልዘጋ ነበር።
እንየው ግን ዓሣዬን በፌስታል ሲቋጥር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመር፦
«ጉም በሆነ ቁጥር፣ ከደሴቱ ወዲህ፣ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው አያለሁ፤
ታናሼ ቢያድግልኝ ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ
ውሃ በላው፤ ያወጣሁት እኔ፣ የቀበርሁትም እኔ ነኝ።
መሞቱን አውቃለሁ።
ዓይኔ ግን መጠበቅ ለምዶ፣ ዛሬም ይጠብቃል፤ ምን አደርገዋለሁ?»

ቢሮ ተመልሼ የዚያን ቦታ ፎቶዎች አወጣሁ፤ ዐርባ ሰባት።
ማሽኑ በሁሉም ላይ፦ «ውሃ፣ ዘጠና ዘጠኝ»።
እንዲህ ሲተማመን አይቼው አላውቅም፣ ከገባሁበት ዕለት።
አይናፍቅማ። ማን ቀርቶበት?

እኔ ግን አፈጠጥሁ። መጀመሪያ ጉም፤ ቀጥሎ ጠቆር ያለ ጉም፤
ከዚያ ትከሻ የመሰለ፤ ከዚያ መቅዘፊያ? አልምልም።
በባዶው ውሃ ላይ አራት መስመር ዘረጋሁ።
«ምን ይባል?» አለ ጠቋሚው፣ ብልጭ ድርግም።
«እንየው» ብዬ ጻፍሁ።
ትንሽ ቆይቼ አጠፋሁ።

ቀጣዩ ፎቶ፦ እንቦጭ።