ስምንት በመቶ

እኔ አራጋው ይማም፣ የቧንቧ ውሃ ሰው፣
ዛሬስ ሬዲዮኑን በጫማ ልለው ነው።
አሥራ ሰባት ዓመት ያዛለቀኝ ጓዴ
አይሱዙዬ ተሽጦ፣ አክሲዮን ሆኖ ጉዴ፣
ሁለት መቶ ወረቀት፣ ማኅተም የመቱበት፣
ከቤት ካርታዬ ጋር ሣጥን ያስተኛሁት።

ኮምቦልቻ ሜዳ ፋብሪካው ሲከፈት
ወንበር ሰጥተውኛል ከሁሉም ሰው ፊት።
በወንዛችን ስም ነው መኪናውን የጠሩት፤
ቦርከና። ነጭ። ጢስ የሌለው። ሲሄድ ዝም ያለ።
የአክስቴ ልጅ ሙሄ "ጂን ነው እንዴ?" አለ።

እውነት ነው፣ አንደኛው ገራዶ ላይ ነደደ።
ሾፌሩ በሩን ከፍቶ በእግሩ ወረደ፤
ጃኬቱ እንኳ አልተነካም።
ሬዲዮኑ ግን አልበረደም፦
በጠዋቱ ዜና ያው መኪና ነደደ፣
በምሳ ሰዓት ነደደ፣
ከስፖርቱ በፊት፣ ከሳሙና ማስታወቂያ በኋላ ነደደ፣
አመዱን ዝናብ አጥቦት፣ ብረቱን ቆራሌ ወስዶት
ሦስት ሳምንት ሙሉ ነደደ።

ነሐሴ ውስጥ ሐረጎ፣ ሁለተኛው ኩርባ፣
ሲሚንቶ ያዘለ ተሳቢ ገደል ገባ፤
ሦስት ሰው።
"የትራፊክ አደጋ" አሉና በአንድ ትንፋሽ
ወደ አየር ጠባዩ፦ ዛሬ ካፊያ፣ ነገ ፀሐይ።
ናፍጣን ማንም ከሶ ማይክሮፎን ፊት አላቆመው።
ያረጀ ገዳይ ዜና አይሆንም፤ ለምደነዋል፤ ዘመድ ነው።

"እሳት ሳይኖር ጢስ የለም" ይላል ያገሬ ሰው፤
እኛ ጢስ የሌለው ሠራን፤ ወሬው ነው የሚጤሰው።

ሰኞ ገበያ ብወጣ ባለሱቁ ሁሉ
"እሳቱ እንዴት አደረ?" ሆኗል ሰላምታ ቃሉ።
ሐጂ ከማል፣ ሺህ ብር የገዛትን በስድስት መቶ
ሸጣት፤ ያውም በምሽት፣ ያውም ተሸፋፍኖ መጥቶ።
"ጋዜጠኞቹን የናፍጣ ነጋዴ ነው የገዛቸው" አልን።
ማስረጃ? የለንም። ግን ተናደናል፤ ስለዚህ አመንን።

በሦስተኛው ሳምንት ሬዲዮ ጣቢያው ሄድኩ፤
ክራባት አስሬ፣ ክሴን በወረቀት ገልብጬ ሄድኩ።
ሩቅያ ጌታሁን የምትባል፣ ጉንፋን የያዛት፣ የልጄ እኩያ፣
አፍንጫዋን እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።
"ጋሼ፣ አልነደደም?" አለች።
"ነዷል።"
"እርስዎስ፣ ተሳፍረውበት ያውቃሉ?"

(ጣቢያው ድረስ የመጣሁት በባጃጅ ነበር። በቤንዚን።)

የዚያኑ ማታ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አረቡ የሚባል ሾፌር
"ባትሪው ሠላሳ አንድ ነው፤ ይበቃናል መሰለኝ" አለ፤
ያቺ "መሰለኝ" እስከ ሐረጎ ድረስ ሆዴ ውስጥ ተሳፈረች።
ዳገቱን ያዝነው። ሃያ ስድስት። ሃያ ሁለት።
"ማሞቂያውን ላጥፋው፣ ጋሼ?"
አጥፋው። ሽቅብ፣ ጉም ለጉም፣ ያለ ኮሽታ።
ያን ሁሉ ዓመት በአይሱዙ ስመላለስበት
ሐረጎ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፦
ጅረት ነበረው። ጅብ ነበረው።
የገዛ ትንፋሼም ነበረ ለካ።
ተሳቢው የገባበት ኩርባ ላይ
አረቡ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገ።

ቧንቧ ውሃ ስንደርስ ስምንት በመቶ ቀርቶት ነበር።

በነጋታው ደወልኩላት።
"ደርሷል" አልኳት፣ ወንድ ልጅ እንዳበሰረ አዋላጅ።
"ስንት ቀርቶት?"
ምላሴ ላይ ሃያ መጣች። አላህ ያውቃል፣ ሙሉዋን መጣች፤
ሁለት መቶው ወረቀት ከሣጥኔ ውስጥ "ሃያ በል!" አለኝ፤
ሦስት ሳምንት ስረግመው የከረምኩት አፍ
ጺም አብቅሎ፣ ስልክ ይዞ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

"ስምንት" አልኩ።
የእስክሪብቶዋ ጫር ጫር በስልኩ ተሰማኝ። ከዚያ አስነጠሰች።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ
ጫማዬን አውልቄ ከእጄ አርቄ፣
ሬዲዮኑን አቅርቤ፣
ዜናው ሊጀምር ሲል

መብራት ጠፋ።