የጀርባዋ ልክ

ሙጫ የማፈላ ነበርኩ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣
ላህቲ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከታውኖ አናጢ ቤት ደጅ።
ጦርነቱ ካበቃ ስምንት ክረምት አልፏል፤
ከታውኖ ግራ እጅ ግን ሁለት ጣት ይዞ ሄዷል።

ሌምፒ ከላይ ፎቅ ትሸምናለች፤ ጣሪያችን ይንቀጠቀጣል፤
ታውኖ ከታች በእንፋሎት የበርች ሳንቃ ያጎብጣል።
መወርወሪያዋ በሮጠ ቁጥር አቧራው ድስቴ ውስጥ ይወድቃል፤
እኔ በሆዴ እሳደባለሁ፤ ታውኖ ቀና ብሎ ይስቃል።
ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤
እነዚህስ ከሙጫ ድስቴ ሳይቀዱ አልቀሩም።

ያን ክረምት ወገቧን ያዛት። ከሽመናዋ ስትነሣ ማታ
እንደ አናጢ ሜትር ትዘረጋለች፣ አንጓ ባንጓ፣ በዝግታ።
ታውኖ አየ። ቃል አልወጣውም። የአገሬ ሰው ብዙ አያወራም፤
ብርዱ አፍ ያዘጋል፤ ሙቀት በከንቱ አይዘራም።

በነጋታው ግድግዳው ላይ ማሸጊያ ወረቀት ለጥፎ፣
«ቁሚ» አላት በጎን በኩል፤ አንድ እጁ ትከሻዋ ላይ አርፎ፣
ከአንገቷ እስከ ዳሌዋ፣ የጀርባዋን ጐድጓዳ
በእርሳስ ተከትሎ ወረደ፣ የሐይቅ ዳርቻ እንደሚቀዳ።
እኔ ፊቴን አዞርኩ።
ድስቱን አማሰልኩ፣ መማሰል ሳያስፈልገው።

እንጨቱ ግን አልተረታም። ኮምፔንሳቶ ላንድ ወገን ይታጠፋል፣ ለሌላው እንቢ ነው መላው።
አሥራ አንድ መደገፊያ ተሰነጠቀ፤ አሥራ አንዱንም ምድጃ በላው።

ከዚያ ሌምፒ ከፎቅ ወረደች፣
መቀሷን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።
ከስብርባሪው አንዱን አነሣች፣ አገላበጠች፣ አሸተተች።
«ቀሚስ ወገብ ላይ በምን ይገጥማል?» አለች።
ታውኖ ዝም።
«በቅድ ነው። ትርፉን ታወጣለህ፣ ከንፈሩን ከከንፈሩ ታገናኛለህ።
ሳይቀደድ ልክ የሚሆን የለም፣ ታውኖ።»
ይህን ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፈች።

መጋዙን አነሣ። የሴት ልብስ ቅድ እንጨት ላይ ቀደደ።
ሙጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ።
ሌሊቱን በሞርሳ ታስሮ አደረ።
ጠዋት ስንፈታው አልጮኸም።

ጨርቁን እሷ አወጣች፦ ግራጫ መደብ፣ ሦስት ነጭ ሰንበር፣
ከዚያ ሰፊ ባዶ ሜዳ፣ ከዚያ እንደገና ሦስት ሰንበር።
ሻጮች «የበረዶ ደን» አሉት፤ ጋዜጣው አለው «የበርች ቅኔ»፤
ታውኖ እንቅልፍ በወሰደው ለት፣ ግራ እጁን ድሩ ላይ አሳርፋ
በኖራ ስትለካ ያየኋት እኔ።

ጋዜጣው ወንበሩን ለሱ ሰጠ፣ ጨርቁን ደግሞ ለሷ።
ተሳስቷል። ግን ማን ጠየቀኝ?

ወንበሩ በመርከብ ሄደ፣ ባቡር ጣቢያ ገባ፣ ቤተ መጻሕፍት፣
ማዘጋጃ ቤት፤ እግሩ ያልረገጠው ደጅ ጠፋ።
ሌምፒ የሞተች ዕለት ታውኖ አልተቀመጠበትም።
ከወንበሩ በስተኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ
ግንባሩን ቅዱ ላይ አስደገፈ።
ሙጫ ላምጣ ወይ ልለው ቃጣኝ፤ ሌላ ሙያ አልነበረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።
ጨርቁን በቡኒ ላስቲክ ቀይረውታል። ጀርባውን ግን በጀርባዬ አወቅሁ።
ፊት ለፊቴ አንድ ጎረምሳ ወንበሩን በሁለት እግሩ አቁሞ
ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ይወዛወዛል።
«ተው» ልለው ነበር፣ «ወገቧን ያማታል።»
ስሜ ተጠራ።
ተነሣሁ፣ አንጓ ባንጓ፣ በዝግታ።